የፕሬዚዳንት ምርጫና የዕጩዎች ጾታ፦ የክርክሩና የማስረጃው ዳሰሳ

ድምፅ ሰጪዎች ፕሬዚዳንት ሲመርጡ የዕጩው ጾታ በውሳኔያቸው ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ሲያከራክር ቆይቷል። አንደኛው ወገን ዕጩ መመዘን ያለበት በችሎታው፣ በልምዱና በሚያራምደው ፖሊሲ ብቻ ስለሆነ ጾታን ማንሳት ራሱ አድልዎ ነው ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ የሕዝቡን ግማሽ ለዘመናት ከሥልጣን ያራቀ ልማድ «ጾታ አይታየኝም» በማለት ብቻ አይስተካከልም ይላል። ይሁንና ክርክሩ ብዙ ጊዜ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀረው፣ ሁለቱም ወገኖች እንደ አንድ ጥያቄ የሚወስዱት ነገር በውስጡ አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን የያዘ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጾታ አንድን ዕጩ ከውድድር ውጭ ሊያደርግ የሚገባ እንከን ነው ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ጾታ ዕጩው ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚሠራ የሚጠቁም ፍንጭ ይሆናል ወይ የሚል ነው፤ ሦስተኛው የዕጩው መመረጥ ከሚከተለው ፖሊሲ ተለይቶ ተምሳሌታዊ ዋጋ አለው ወይ የሚል ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ መራጩ ወንድና ሴት ዕጩዎችን የሚለካበት መመዘኛ አንድ ዓይነት ነው ወይ የሚለው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልሶች ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ለአንዱ «አይገባም» ያለ ሰው ለሌላው «ይገባል» ቢል ራሱን ተቃረነ አይባልም።

ይህ ዳሰሳ ጥያቄው በቅርብ ዓመታት ጎልቶ የወጣበትን የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋና ማሳያው አድርጎ፣ የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ ለንጽጽር ያቀርባል። በጥናት ጽሑፎች ዘንድ «ጾታ» ወንድና ሴት የሚለዩበትን ተፈጥሯዊ ሁኔታ ሲያመለክት፣ «ሥርዓተ ጾታ» የሚባለው ደግሞ ኅብረተሰቡ ከወንድና ከሴት የሚጠብቀው ጠባይ፣ ሚናና የሥራ ድርሻ ነው። በምርጫ ጊዜ በመራጩ ውሳኔ ላይ የሚሠራው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው። ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ሕጉና ልማዱ በአሜሪካ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው በትውልድ ዜጋ የሆነ፣ ዕድሜው 35 ዓመት የሞላና በአገሪቱ ለ14 ዓመታት የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል እንጂ የጾታ ገደብ አልደነገገም። ለዚህም ነው ቪክቶሪያ ዉድሃል በ1872፣ ቤልቫ ሎክውድ ደግሞ በ1884 እና በ1888፣ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ሳያገኙ በፊት ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር የቻሉት። የመምረጥ መብቱ የተረጋገጠው በ1920 በጸደቀው አሥራ ዘጠነኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በአንዱ ጉባኤ ላይ የአንዲት ሴት ስም ለፕሬዚዳንት ዕጩነት በይፋ እስኪቀርብ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ወስዷል፤ እርሳቸውም በ1964 በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ የቀረቡት የሜይን ግዛት ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ነበሩ። በ1972 ሸርሊ ቺዝም በዴሞክራቲክ ፓርቲ በኩል ሲወዳደሩ በዘራቸውም በጾታቸውም የተነሣ ሁለት እጥፍ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል።

የልማዱን ኃይልና የለውጡን ፍጥነት ለመለካት የሚጠቅመው የጋለፕ ድርጅት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። ድርጅቱ በ1937 አንዲት ሴት በሌላው ሁሉ ብቁ ሆና ብትገኝ ለፕሬዚዳንትነት ይመርጧት እንደሆነ ሰዎችን ሲጠይቅ እመርጣለሁ ያሉት 33 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን ተመሳሳይ መልስ የሰጡት 94 በመቶ ደርሰዋል። ይህ ለውጥ እጅግ ሰፊ ቢሆንም፣ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን፣ በ2024 ደግሞ ካማላ ሃሪስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሆነው ቀርበው ሁለቱም ተሸንፈዋል። ክሊንተን በመላ አገሪቱ ከተሰጠው ድምፅ ከተፎካካሪያቸው በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ብልጫ ቢያገኙም፣ ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ በሚሰይመው የየግዛቱ መራጮች ጉባኤ፣ ማለትም በኤሌክቶራል ኮሌጅ፣ 304 ለ227 ተረትተዋል። ሃሪስ ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን በሐምሌ ወር ከውድድሩ በመውጣታቸው የምረጡኝ ዘመቻቸውን ያካሄዱት ለሦስት ወር ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፣ ውጤቱ 312 ለ226 ነበር። ከሁለቱ ሽንፈቶች ውስጥ የጾታ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ነጥሎ ማውጣት አዳጋች ነው፤ ምክንያቱም የኑሮ ውድነት፣ የገዥው ፓርቲ ተቀባይነት መቀነስ፣ የስደተኞች ጉዳይና የዕጩዎቹ የፖለቲካ ታሪክ ሁሉ ከጾታ ጋር ተዋሕደው በአንድ ድምፅ ውስጥ የሚገለጡ ናቸው።

ሴቶች ወደ አገር መሪነት የመጡባቸው መንገዶች

አሜሪካ እስካሁን ሴት ፕሬዚዳንት ባይኖራትም ሌሎች ብዙ አገሮች ሴት መሪ መርጠዋል፤ የመረጡበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከመንገዶቹ የመጀመሪያው የቤተሰብ ውርስ ነው። በ1960 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ፣ በ1986 በፊሊፒንስ ሥልጣን የያዙት ኮራዞን አኪኖና በ1990 በኒካራጓ የተመረጡት ቪዮሌታ ቻሞሮ ሦስቱም የተገደሉ የፖለቲካ ሰዎች ሚስቶች ነበሩ። በእነዚህ ምርጫዎች ሕዝቡ ሴትነትን የተመለከተው እንደ ተሰዋ መሪ አደራ ተቀባይነት ስለሆነ፣ ውጤታቸው በአጠቃላይ ሴቶች ለሥልጣን ያላቸው ዕድል መስፋቱን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው መንገድ የሴቶች እንቅስቃሴ ያመጣው የአመለካከት ለውጥ ነው። በአይስላንድ በጥቅምት 1975 ከሴቶች እጅግ የሚበዙት የቢሮም የቤትም ሥራቸውን ለአንድ ቀን ካቆሙ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ሦስት ወንድ ተፎካካሪዎችን በጠባብ ልዩነት አሸንፈው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሦስተኛው መንገድ ከጦርነት ወይም ከከባድ ቀውስ ማግስት የሚፈጠር ነው። በላይቤሪያ ረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ በ2005 በተካሄደው ምርጫ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ታዋቂውን የእግር ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊሃን በሁለተኛው ዙር ወደ 59 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ያሸነፉት፣ የኢኮኖሚ ባለሙያነታቸውና ዓለም አቀፍ ልምዳቸው ከሴቶች የሰላም ንቅናቄ ድጋፍ ጋር ተደምሮ ነው። አራተኛው መንገድ የፓርቲ መዋቅር ነው። ሜክሲኮ ፓርቲዎች ለምክር ቤት በሚያቀርቧቸው ዕጩዎች ዘንድ የሴትና የወንድ ቁጥር እኩል እንዲሆን በ2014 በሕገ መንግሥቷ ካሰፈረችና በ2019 ግዴታውን ወደ ሌሎች የመንግሥት አካላት ካሰፋች በኋላ፣ በ2024 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሁለቱ ዋነኛ ዕጩዎች፣ ክላውዲያ ሼንባምና ሶቺትል ጋልቬዝ፣ ሁለቱም ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል።

የመጨረሻው ምሳሌ ለጥያቄው ልዩ ትርጉም አለው። በቺሊ በ2013 ሚሼል ባቸሌትና ኤቭሊን ማቴይ በመጨረሻው ዙር ሲገናኙ፣ በአየርላንድ በ1997 ከአምስቱ ዕጩዎች አራቱ ሴቶች ሲሆኑ፣ ወይም በሜክሲኮ እንደሆነው ሁለት ሴቶች ሲፎካከሩ፣ ጾታ እንደ መለያ ከሚዛኑ ላይ ወርዶ መራጩ ከግራና ከቀኝ ፖለቲካ፣ ከግብርና ከጸጥታ ፖሊሲ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። በአሜሪካም ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት በ2025 ለአገረ ገዥነት የተወዳደሩት የሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ዕጩዎች ሁለቱም ሴቶች ስለነበሩ፣ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊው መራጭ እንደ ሌላው ሁሉ ምርጫውን ያደረገው በፓርቲና በፖሊሲ ላይ ተመርኩዞ ነበር። የሴት ዕጩዎች መብዛት ጾታ በውሳኔው ላይ ያለውን ክብደት እንደሚያቀል እነዚህ ምሳሌዎች ያመለክታሉ።

ጾታ አይቆጠር የሚሉ ወገኖች ክርክር

የዚህ ወገን የመጀመሪያው መከራከሪያ የእኩልነት መርህ ነው። ዜጎች በሕግ ፊት እኩል ከሆኑና ሹመት ለብቃት ሊሰጥ የሚገባው ከሆነ፣ አንድን ሰው በጾታው ምክንያት መጥላትም መምረጥም ያንኑ መርህ ይጥሳል፤ ለሴት የተሰጠ አድልዎ ዛሬ ተገቢ ነው ከተባለ ነገ ለወንድ የሚሰጠውን ለመቃወም የሚያስችል መሠረት አይኖርም። ሁለተኛው መከራከሪያ ሴቶች አንድ ዓይነት ፍላጎትና አንድ ዓይነት አመለካከት ያላቸው ወገን አለመሆናቸው ነው። በ2016 ከሴት መራጮች 54 በመቶው ለክሊንተን ድምፅ ሲሰጡ ከወንዶች የመረጧቸው 41 በመቶ ነበሩ፤ ሆኖም ከጥቁር ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ክሊንተንን ሲደግፉ ከነጭ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ድምፃቸውን ለዶናልድ ትራምፕ ሰጥተዋል። ከ1980 ጀምሮ በአሜሪካ ምርጫዎች የሚታየው የወንድና የሴት መራጮች ልዩነትም፣ ዕጩዎቹ ሁለቱም ወንዶች በነበሩባቸው ዓመታት ጭምር የተከሰተ ስለሆነ፣ የሚያመለክተው በሁለቱ ፓርቲዎች ፖሊሲ መካከል የተደረገ ምርጫን ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ ሴት መሪዎች በሥልጣን ላይ ያሳዩት የተለያየ ምግባር ነው። ማርጋሬት ታቸር ከ1979 እስከ 1990 በብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትርነት በቆዩባቸው ዓመታት ሁሉ ከራሳቸው በቀር ወደ ካቢኔ ያስገቡት አንዲት ሴት ብቻ ነበር። በደቡብ ኮሪያ በ2012 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ፓርክ ጉን-ሄ በሙስና ተከሰው በ2017 ከሥልጣን ተወግደዋል፤ በታንዛኒያ ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን በ2025 ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ውጭ በሆኑበት ምርጫ አሸናፊ ተብለዋል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ለሰላም ያደሉ ናቸው የሚለው የቆየ ግምትም ቢሆን በታሪክ አልተደገፈም። ኦይንድሪላ ዱቤና ኤስ. ፒ. ሃሪሽ ከአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ ሃያኛው መጀመሪያ ድረስ የነበሩትን የአውሮፓ ነገሥታት መርምረው በንግሥቶች የተመሩ መንግሥታት በንጉሦች ከተመሩት ይልቅ ወደ ጦርነት የመግባት ዝንባሌ እንደነበራቸው አሳይተዋል። የኢትዮጵያ አንባቢም በአድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር እየመሩ የዘመቱትንና በመቀሌ የጠላት ምሽግ ውኃ እንዲያጣ በማድረግ የሚታወሱትን እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሲያስብ፣ ሴትነትን ከገርነት ጋር ብቻ ማያያዝ የአገሩንም ታሪክ እንደማይመጥን ያስተውላል።

ጾታ ይቆጠር የሚሉ ወገኖች ክርክር

ይህኛው ወገን መነሻ የሚያደርገው የውክልናን ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሃና ፒትኪን በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ውክልናን በበርካታ ዓይነት የከፈሉ ሲሆን ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅሙት ሦስቱ ናቸው፦ ወኪሉ በማንነቱ ወካዮቹን የሚመስልበት የመመሳሰል ውክልና፣ ወኪሉ ለወካዮቹ ጥቅም የሚሠራበት የተግባር ውክልና፣ እና ወኪሉ ለወካዮቹ አንድ ትርጉም የሚሰጥ ምልክት የሚሆንበት ተምሳሌታዊ ውክልና። ፒትኪን ራሳቸው ከሁሉ ያስበለጡት የተግባር ውክልናን ነበር። አን ፊሊፕስ በ1995፣ ጄን ማንስብሪጅ ደግሞ በ1999 ይህን አቋም አሻሽለው፣ መመሳሰል በራሱ ግብ ባይሆንም በተወሰኑ ሁኔታዎች የተግባር ውክልናን እንደሚያጠናክር ተከራክረዋል። ማንስብሪጅ የጠቀሷቸው ሁኔታዎች አራት ሲሆኑ እነርሱም በወካዩና በወኪሉ መካከል አለመተማመን ሲኖር፣ አንዳንድ ጥቅሞች ገና በግልጽ ሳይቀረጹ ሲቀሩና ከሕይወት ልምድ የመጣ ግንዛቤ ሲያስፈልግ፣ የወገኑ አባላት ለመምራት ብቁ አይደሉም የሚል ማኅበራዊ ግምት ሥር ሰዶ ሲገኝ፣ እንዲሁም የፖለቲካ ሥርዓቱ በዚያ ወገን ዘንድ ተቀባይነት ሲያጣ ናቸው።

የዚህን ክርክር ጠንካራ ማስረጃ የሰጠችው ሕንድ ናት። በ1993 ሥራ ላይ የዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በየመንደሩ ከሚገኙት ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በሴት እንዲመሩ ሲያዝ፣ በብዙ ቦታ የትኛው መንደር ለሴት እንደሚደርስ የሚወሰነው ሆን ተብሎ በመምረጥ ሳይሆን በተራ ስለነበር፣ ሴት የመሯቸውንና ወንድ የመሯቸውን መንደሮች ያለ አድልዎ ማነጻጸር ተችሏል። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ በ2004 ባወጡት ጥናት ሴት ሊቃነ መናብርት በየአካባቢያቸው ሴቶች በብዛት ያቀርቧቸው የነበሩ ጥያቄዎችን፣ በተለይ የመጠጥ ውኃን፣ ከወንዶቹ በበለጠ አስቀድመው እንደፈጸሙ ታይቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሎሪ ቢማንና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት ጥናት ደግሞ ሴት መሪ አይተው በማያውቁ መንደሮች ወንዶች ሴት ተናጋሪን ዝቅ አድርገው ሲገምቱ፣ ሴት መሪ ባዩት ዘንድ ይህ ግምት መዳከሙና ለሁለት ተከታታይ ጊዜ ሴት በመራቻቸው መንደሮች ሴቶች ከኮታው ውጭ ባሉ ወንበሮችም ይበልጥ መመረጣቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ ሴት መሪ መኖሯ የዕለቱን ፖሊሲ ብቻ ሳይሆን የወደፊቱን መራጭ ሚዛንም ሊለውጥ ይችላል።

ማስረጃው ስለ መራጩ የሚያሳየው

መራጮች ሴት ስለሆነች ብቻ አንዲትን ዕጩ ይጥሏታል የሚለው የተለመደ ግምት ከቅርብ ጊዜ ጥናቶች ጋር ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ሱዛን ሽዋርትስና አሌክሳንደር ኮፖክ በ2022 ባሳተሙት ሥራ፣ ተጠያቂዎች በጾታ፣ በልምድና በፖሊሲ የሚለያዩ ምናባዊ ዕጩዎችን እንዲመርጡ የተደረገባቸውን 67 የመጠይቅ ሙከራዎች አንድ ላይ መርምረው፣ በአማካይ ሴት መሆን ዕጩዋን በሁለት በመቶ ነጥብ ገደማ እንደሚጠቅማት እንጂ እንደማይጎዳት አግኝተዋል። በእርግጥ በመጠይቅ የሚሰጥ መልስ በምስጢር ከሚሰጥ ድምፅ ሊለይ ይችላል፤ ምናባዊ ዕጩዎችም የምርጫ ዘመቻ ጫና የለባቸውም። ቢሆንም የችግሩ ማዕከል ከመራጩ ግልጽ ጥላቻ ይልቅ ሌላ ቦታ ሊሆን እንደሚችል ጥናቱ ያመላክታል።

ችግሩ ሊገኝባቸው ከሚችሉት ቦታዎች አንደኛው የመመዘኛው መዛነፍ ነው። አሊስ ኢግሊና ስቲቨን ካራው በ2002 ባቀረቡት ትንታኔ መሠረት ኅብረተሰቡ ከመሪ የሚጠብቀው ቆራጥነትና የበላይነት ከሴት ከሚጠብቀው ርኅራኄና ትሕትና ጋር ስለሚጋጭ፣ ሴት ዕጩ ቆራጥ ስትሆን ጨካኝ፣ ለዘብ ስትል ደግሞ ደካማ ትባላለች፤ በወንድ ላይ እንደ ጥንካሬ የተቆጠረው ጠባይ በእርሷ ላይ ጉድለት ይሆናል። ሁለተኛው ቦታ የመቅረቢያው ጊዜ ነው። ሚሼል ራያንና አሌክሳንደር ሃስላም በ2005 «የመስታወት ገደል» ብለው የሰየሙት ክስተት፣ ሴቶች ወደ አመራር የሚጠሩት ድርጅቱ በችግር ላይ ባለበትና የመውደቅ ዕድሉ በሰፋበት ሰዓት የመሆን ዝንባሌ እንዳለው የሚገልጽ ነው፤ ውድቀቱ ሲመጣም ጥፋቱ ከሁኔታው ይልቅ ከመሪዋ ጾታ ጋር ይያያዛል።

ሦስተኛውና ለፕሬዚዳንት ምርጫ ከሁሉ የሚቀርበው ቦታ ሬጂና ቤትሰን በ2020 «ስልታዊ አድልዎ» በሚል ስም ያጠኑት ነው። ይህም አንድ መራጭ ወይም የፓርቲ ሰው ራሱ በሴት ዕጩ ላይ ጥላቻ ሳይኖረው፣ «ሌሎች አይመርጧትም» ብሎ በመስጋት የማሸነፍ ዕድል አለው ወዳለው ሌላ ዕጩ የሚያዘነብልበት ሁኔታ ነው። በአሜሪካ ለ2020 ምርጫ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ ለዕጩነት ከተወዳደሩት መካከል ስድስት ሴቶች የነበሩ ሲሆን፣ በ2016 የደረሰው ሽንፈት «ሴት ማሸነፍ ትችላለች ወይ» የሚለውን ጥያቄ የክርክሩ ማዕከል አድርጎት ነበር። በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ አድልዎ ባለቤት የሌለው ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሰው ጥላቻው የጎረቤቱ እንደሆነ እያመነ በውጤቱ ግን ራሱ ይፈጽመዋል። ግምቱም ራሱን በራሱ የሚያረጋግጥ ነው፤ ዕጩዋ አታሸንፍም ተብላ ስትተው ድጋፍና ገንዘብ ስለሚሸሻት ሳታሸንፍ ትቀራለች።

የፕሬዚዳንትነት ልዩ ጠባይ

እስካሁን የቀረቡት ክርክሮች ብዙዎቹ የተቀረጹት ለምክር ቤት ወንበሮች ነው። በብዙ መቶ አባላት በሚሞላ ምክር ቤት ውስጥ የሴቶች ቁጥር ከሕዝቡ አወቃቀር ጋር እንዲቀራረብ መጠየቅ ትርጉም ያለው ሲሆን፣ ፕሬዚዳንትነት ግን አንድ ወንበር ስለሆነ በማናቸውም ጊዜ የሕዝቡን ግማሽ እንጂ ሁለቱንም ጾታዎች ሊመስል አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ በአንድ አገር ውስጥ ከማንም የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ተመራጭ ይልቅ የሚመረመር ሰው ነው፤ የሕይወት ታሪኩ፣ የድምፅ አሰጣጥ መዝገቡ፣ የገንዘብ ምንጩና የፖሊሲ ሰነዱ ሁሉ ለሕዝብ ይቀርባሉ። ጾታ የፖሊሲ ፍንጭ ሆኖ የሚጠቅመው ሌላ መረጃ በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ዕጩዎቹ በማይታወቁበት የወረዳ ምርጫ፣ ስለሆነ፣ መረጃው በሞላበት በፕሬዚዳንት ምርጫ ይህ ጥቅሙ ከሁሉም ቦታ ያነሰ ይሆናል። የዕጩዋን አቋም በጽሑፍ ማንበብ የሚችል መራጭ አቋሟን ከሴትነቷ ለመገመት ምክንያት የለውም።

በሌላ በኩል የተምሳሌታዊው ዋጋ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ሥልጣኑ ከፍተኛና ለሁሉ የሚታይ በመሆኑ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የምትሰጠው ትምህርት ከማናቸውም የምክር ቤት አባል የበለጠ ነው፤ በተለይ ፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ በሆነባቸው አገሮች፣ ሴት ሠራዊት አታዝም የሚለው ግምት የሚፈርሰው በዚሁ ወንበር ላይ ነው። በቺሊ ባቸሌት ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ከ2002 እስከ 2004 የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው መሥራታቸው ይህን ጥርጣሬ አስቀድሞ ለማቃለል ረድቷቸዋል። ነገር ግን ተምሳሌታዊ ዋጋ ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛው ዋጋው ከፍ የሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆንና ከዚያ በኋላ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ምልክትነት ከሚፈጸመው ሥራ ጋር ሲጋጭ ራሱን የሚበላ መሆኑ ነው፤ በደካማ አስተዳደር የተደመደመ የመጀመሪያ ዘመን ለሚከተሉት ሴቶች ዕዳ ሊሆን ይችላልና።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ዕጩ ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በመሆኑና አስፈጻሚው ሥልጣን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው እንደ አሜሪካ አይነሣም። ሆኖም የምልክትንና የሥልጣንን ልዩነት ለማየት ተሞክሮው ይጠቅማል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የአስተዳደሩ ሥራ ለአልጋ ወራሹ ለራስ ተፈሪ መኰንን በመሰጠቱ፣ ክብሩና የሥራው ሥልጣን በሁለት ሰዎች ተከፍሎ ነበር። አምባሳደር ሣህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢፌዴሪ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡም የያዙት በአብዛኛው የክብር ሥራ ያለበትን ወንበር ነው። በዚያው ወር ከተሾሙት 20 ሚኒስትሮች ግማሹ ሴቶች መሆናቸው፣ ከእነርሱም አንዷ የመከላከያ ሚኒስቴርን መምራታቸውና ከዚያም ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድን መረከባቸው ከሥራ ሥልጣን አንጻር የበለጠ ክብደት ነበረው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ባለፈው ዘመን ከደረሰባቸው አድልዎ አንጻር በድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ይህ ግዴታ በዋናነት የተጣለው በመንግሥትና በተቋማት ላይ እንጂ በግለሰብ መራጭ ኅሊና ላይ አይደለም። ይሁንና «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረትና ምሳሌ የያዘው ግምት፣ ማለትም የሴት ዕውቀት ያለ ወንድ ማጽደቂያ ሙሉ አይሆንም የሚለው፣ በመራጩ ሚዛን ውስጥ ሳይታወቅ እስከኖረ ድረስ ሕጉ የከፈተውን ዕድል ልማዱ ሊያጠበው ይችላል።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ለተለዩት አራት ጥያቄዎች ከዚህ ዳሰሳ የሚወጡት መልሶች የሚከተሉት ናቸው። ጾታ ዕጩን የሚያስጥል እንከን ሊሆን አይገባም፤ ይህን የሚደግፍ መርህም ማስረጃም የለም። ጾታ የፖሊሲ ፍንጭ መሆኑ በመንደር ደረጃ በሕንድ የታየ እውነት ቢሆንም፣ ስለ ዕጩው ሰፊ መረጃ በሚገኝበት በፕሬዚዳንት ምርጫ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ተምሳሌታዊ ዋጋው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ነው፤ በብቃትም በፖሊሲም ተቀራራቢ በሆኑ ዕጩዎች መካከል፣ በተለይም ያ ወንበር ለአንደኛው ጾታ ብቻ ሲሰጥ በኖረበት አገር፣ መራጩ ሊቆጥረው የሚችል ተገቢ ምክንያት ይሆናል፤ ሰፊ የፖሊሲ ልዩነት ባለበት ግን ልዩነቱን ሊሸፍን አይችልም። አራተኛው ጥያቄ ከሦስቱ ይለያል፤ ምክንያቱም በእርሱ የሚመረመረው መራጩ ራሱ ነው። ጾታ በማንኛውም ምርጫ ሊታሰብበት የሚገባው በዚህ ረገድ ነው፦ አንድ መራጭ በሴት ዕጩ ላይ ያገኘውን ጉድለት በተመሳሳይ ወንድ ላይ ጉድለት ብሎ ይጠራው እንደሆነ፣ እርሷን የሚተዋትም በራሱ እምነት ወይስ በሌሎች ላይ በጣለው ግምት እንደሆነ ራሱን መጠየቅ አለበት። «ጾታ አይታየኝም» የሚል መራጭ ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይችልም፤ የማይታየውን ነገር ሊያርመው ስለማይችል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የኃላፊነቱን ድልድል መለየት ያስፈልጋል። በድምፅ መስጫው ቀን መራጩ ፊት የሚቀርቡት ጥቂት ስሞች ሲሆኑ፣ የአንዲት ሴት መመረጥ በዚያ ቀን የእርሷን ፖሊሲ ለሚቃወም መራጭ እንደ ግዴታ ሊቀርብ አይገባም። ዕጩዎችን የሚያፈሩት፣ የሚያሠለጥኑትና በገንዘብ የሚደግፉት ፓርቲዎች ናቸው፤ የሜክሲኮ ተሞክሮ እንደሚያሳየው የእኩልነቱ ግዴታ በእነርሱ ላይ ሲጣልና በቂ ጊዜ ሲያገኝ፣ መራጩ ጾታን ከፖሊሲ ጋር ለማመዛዘን የሚገደድበት ሁኔታ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጾታ በፕሬዚዳንት ምርጫ ምን ያህል ይቆጠር የሚለው ጥያቄ በመራጩ ብቻ ሊፈታ አይችልም፤ መራጩ የራሱን መመዘኛ በማቃናት ድርሻውን ሲወጣ፣ የቀረው ድርሻ ስሞቹን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩት ፓርቲዎች ነው።